ካርቶን ውስጥ ያለቀ ዋስትና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንግዳ ሆኜ የምሄድባቸው ሰዎች ሳይቸገሩብኝ አልቀሩም። ሰላምታው ሳያልቅ ጆሮዬ ወደ ፍሪጁ ይሄድብኛል። «ልጆች ደህና ናቸው? ጤናሽ እንዴት ነው?» ሲሉኝ፣ እኔ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ያቃስት እንደሆነ፣ ሲያርፍ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ እያዳመጥኩ ነው። ገርጂ የምትኖር አንዲት የልብ ጓደኛዬ ለምሳ ጠርታኝ፣ ወጡን ትቼ ፍሪጇን ከግድግዳው ስስብ ያዘችኝ። «ሰናይት፣ የመጣሽው እኔን ልትጠይቂ ነው ወይስ እሱን?» አለችኝ። ምን ልበላት? ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት የገባሁት በማሽኑ በኩል ነው።

ከአንድ ነገር ግን ተገላግያለሁ። «ዋስትናው አልፏል» ከማለት። በሥራ ዘመኔ ከሁሉ አብዝቼ የተናገርኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው። ሰው በስንት ልፋት የገዛው ዕቃ ተበላሽቶበት ይመጣል፤ እኔ ኮምፒውተሩን አየት አደርግና ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ በትህትና፣ ዋስትናው አልፏል እለዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ይለምናል። የተቆጣውም የለመነውም ከበር ሳይወጣ ይረሳኝ ነበር፤ ዝም ብሎ አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው ግን ቤቴ ድረስ ይከተለኛል። አሁን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ያንን ቃል ዛሬ ለማንም እንደማልናገር ትዝ ሲለኝ፣ ብርድ ልብሴን መልሼ ስቤ ትንሽ እተኛለሁ። ተመስገን ነው።

ሥራ የጀመርኩት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ወደ ውጭ የሚላክ አበባና ሥጋ የሚቆይበት ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በማቀዝቀዣ ጥገና ተመርቄ ስቀርብ፣ የመጋዘኑ አለቃ ቀና ብሎ አየኝና «ጽዳት ክፍል ሰው ሞልቷል» አለኝ። ለጥገና ነው የመጣሁት ስለው ሳቀ። ከዚያ «እንግዲያው ለሁሴን ስጧት፤ ሳምንት አትቆይም» ብሎ ወደ ማሽኑ ክፍል ላከኝ። ሰውዬው ቀድሞኝ ከዚያ መጋዘን ለቀቀ፤ እኔ ቆየሁ።

ጋሽ ሁሴን የወሎ ሰው ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ሥራ ላይ ሆነው የማያወሩ፣ ከሥራ ሲወጡ ግን ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ። ያስተማሩኝን ሁሉ ልዘርዝር ብል አያልቅም፤ ልማዳቸውን ግን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ማሽን ሲያዳምጡ ባለ እንጨት እጀታ ረጅም ካቻቢቴ ነበራቸው። ጫፉን ኮምፕሬሰሩ ላይ ያሳርፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ይደግፉታል። የቱቦ ሙቀት የሚለኩት በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ነው፤ «መዳፍ ብዙ ስለለመደ ይዋሻል» ይሉ ነበር። የፈቱትን ብሎን ሁሉ ደግሞ ኮፍያቸውን ገልብጠው እሱ ውስጥ ያጠራቅማሉ። ሥራው አልቆ ኮፍያው ባዶ ካልሆነ በስተቀር ራሳቸው ላይ አይመለስም። አንድ ብሎን ከተረፈ መልሰው ይከፍታሉ። «ብሎን ተረፈሽ ማለት ሥራ ጎደለ ማለት ነው» የሚሉት ነገር ነበራቸው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንድ ልማዳቸው ነው። የማሽኑን ጀርባ ከመክፈታቸው በፊት ቁጭ ብለው ባለቤቱን «መጀመሪያ ምን ሰማህ?» ይሉታል። መቼ ገዛኸው፣ ደረሰኝህ የታለ አይሉም። ሰውዬው መጀመሪያ የሰማውን፣ ያሸተተውን፣ ያየውን እንዲተርክላቸው ይተዉታል። ስለ ዋስትና ከእሳቸው በፊት የሚያነሳ ካለ «ቆይ፣ መጀመሪያ በሽታውን፣ ከዚያ ወረቀቱን» ይሉታል።

ቆይቶ ጋሽ ሁሴን ኢምፔሪያል አካባቢ ወዳለ የቤት ዕቃ አስመጪ ድርጅት ሲዛወሩ እኔንም አስከተሉኝ። ደመወዙ ሻል ያለ ነበር፤ የሚሞላው ቅጽ ግን ማለቂያ የለውም። መስኮታችን ሥር ቀኑን ሙሉ የታክሲ ረዳቶች «ጎሮ! ጎሮ! የሞላ!» ይላሉ፤ እኛ ፎቅ ላይ ሆነን ስልክ እናነሳለን፣ ቤት ለቤት እንወጣለን። ቦሌ፣ ገርጂ፣ ጎሮ፣ ሲኤምሲ፣ በኋላም ቡልቡላ። በር ሳንኳኳ ቤተኛው ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ እያየ «ቴክኒሻኑ ታች ነው ያለው?» ይለኛል። «አዎ፣ ካቻቢቴውን ይዤለት ቀድሜ መጣሁ» እያልኩ እገባለሁ። ፍሪጁ ሲሠራለት አብሮኝ የሚስቅ ይበዛል።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን በየቤቱ መግባት ሲጀምር ጋሽ ሁሴን መጀመሪያ የመጣልንን ፈተው ካዩ በኋላ ሳቁ። ይህ ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ በመንገድ እንዳይጋጭ በውስጡ ያለው ከበሮ ከጀርባ በኩል በረጃጅም ብሎኖች ታስሮ ነው። ቤት ሲደርስ ብሎኖቹ ወጥተው ቀዳዳዎቹ በላስቲክ ክዳን ይዘጋሉ። ሳይወጡ ከተነሳ ከበሮው እንደታሰረ ሊሽከረከር ይታገልና መላው ማሽን ይንዘፈዘፋል፤ ከቦታው ተነስቶ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮ የገዛ ሆድ ዕቃውን ይሰብራል። ጋሽ ሁሴን ብሎኖቹን ኮፍያቸው ውስጥ እያንኳኩ፣ «ይቺስ የተገላቢጦሽ ናት፤ እሷ ላይ ብሎን ካልተረፈሽ ነው መፍራት» አሉኝ።

አሁን ወደማልወደው ታሪክ ልምጣ።

ሰይድ የሚባል የገርጂ ባለ ሱቅ ነበር። ከሱቁ ግማሹን የሚይዝ ትልቅ ፍሪዘር ከእኛ ገዛ። የዋስትናው ጊዜ ባለቀ በጥቂት ሳምንት ፍሪዘሩ ማቀዝቀዝ አቆመ። ከጋሽ ሁሴን ጋር ሄድን። የሚታየውን ቱቦ ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባነው፤ አንድም ቦታ አረፋው አልተነፋም። ጋዝ ሞልተን ጠበቅን፤ መልሶ ጎደለ። ጋሽ ሁሴን የእጃቸውን ጀርባ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ቀስ እያሉ አሳለፉና አንድ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የሚያፈሰው ቱቦ ከግድግዳው ሽፋን በስተውስጥ የተቀበረው ነው። ይህ ደግሞ ሰይድ ያበላሸው አይደለም፤ ፋብሪካው ሲሠራው ጀምሮ አብሮት የመጣ ሕመም ነው።

የያኔው ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንበኛ ሲያናግረው ግን ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነበር። የጻፍነውን አንብቦ «ዋስትናው አልፏል» አለ። እኔ ነገሩ ከነከነኝና የሸማቾች መብት ወደሚታይበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አንድ ረጋ ያለ ባለሙያ አዳመጠኝና እንዲህ አለኝ፤ «ዋስትናው ድርጅቱ የገባው ቃል ነው። ዕቃው ከመጀመሪያውም ጉድለት ይዞ ከመጣ ግን ቀኑ አልፏል ተብሎ ብቻ በሩ አይዘጋም። ማሳየት ከቻላችሁ እናየዋለን። ባለሙያ እስክንልክ ማንም እንዳይከፍተው።»

ለሰይድ ነገርኩት። እሱም እሺ አለ። ግን ረመዳን ሊገባ ነው፤ ሱቁ የሚያገኘው በዚያ ወር ነው። ባለሙያው በዛሬ ነገ ቆየ። ሰይድ ሲጨንቀው ከመንገድ ዳር ጠጋኝ ጠራ፤ ጠጋኙ የሚያፈሰውን ቦታ ፍለጋ ግድግዳውን በመሮ ቦርቡሮ ቱቦውን ሌላ ሦስት ቦታ በሳው። ባለሙያው ከነመሣሪያው ሲደርስ የትኛው ቀዳዳ ከፋብሪካ እንደመጣ፣ የትኛው የመሮ እንደሆነ የሚለይ ሰው አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን። ድርጅቱም «ሌላ እጅ ነክቶታል» ብሎ ፋይሉን ዘጋው።

ሰይድ አልጮኸብኝም። «ለፍታችሁልኛል፣ አላህ ይስጥልኝ» አለና ፍሪዘሩን ለቁራሌው ሲሸጠው ዓይኔ እያየ ነው። ከዚያ በኋላ ሱቁን አሳንሶ ለስላሳ ብቻ ይሸጥ ነበር፤ ለእኔ ግን አንድም ቀን የለስላሳ ሒሳብ ተቀብሎኝ አያውቅም፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። ለጋሽ ሁሴን «እንዴት ትንሽ አይታገስም?» ብላቸው፣ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ አንቺም ሱቅ ቢኖርሽ መሮ ታነሺ ነበር» አሉኝ። በዓመቱ ጡረታ ወጥተው ደሴ ገቡ። ኮፍያቸውን ለእኔ ትተውልኝ ነው የሄዱት፤ እሳቸው ሌላ ይገዛሉ።

እንግዲህ በመጨረሻዎቹ ዓመቶቼ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ደረጃ አልወድም ማለት ጀምሮ ነበር። ጽጌ የመጣችው ያን ጊዜ ነው።

ጽጌ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ በዕቃ ጭነት ክፍል በፈረቃ የምትሠራ ሴት ናት። ስትቀመጥ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀቻቸው፤ ደረሰኙን ልታቀብለኝ ስታወጣቸው ግን አየኋቸው። በረኪና የበላው እጅ ነው፤ በየመገጣጠሚያው ተሰነጣጥቆ ደም ያዘለ። የልብስ ማጠቢያ ማሽኗ ተሰብሮባታል። ደረሰኙን አየሁና፣ የለመደ አፌ፣ «ይቅርታ፣ ዋስትናው አልፏል» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለችኝ። «ግን እኮ ሳይሠራ ነው ያለፈው። ዋስትናው ያለቀው ካርቶን ውስጥ ሆኖ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላት ዋጋ ሳይጨምር ብላ ማሽኑን ገዛችው። ቤቱ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ቆየ። እስከዚያ በተከራየችው አንዲት ክፍል ውስጥ ካርቶኑን ሳትከፍት ዳንቴል አልብሳ ጠረጴዛ አደረገችው፤ የእናቷን መድኃኒት የምትደረድረው እሱ ላይ ነው። እናቷ አልጋ ላይ ናቸው፤ ዓይናቸውም አያይም። አንሶላቸው በየቀኑ ይታጠባል። ጽጌ ማሽን ካርቶን ውስጥ አስቀምጣ፣ እሷ በእጇ ስታጥብ ኖረች። በመጨረሻ ቁልፍ ተሰጥቷት ቡልቡላ አራተኛ ፎቅ ሲገቡ ዋስትናው ጭራሽ ተረስቷል።

እኔም በበኩሌ መልሱን ሰጥቻለሁ፤ እዚህ ላይ ማብቃት ይችል ነበር። ግን እጇ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝና የጋሽ ሁሴን ጥያቄ ከአፌ አመለጠ።

«መጀመሪያ ምን ሰማሽ?»

ጽጌ ግራ ገባት፤ ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቃትም። «መጀመሪያ... ሰው በመዶሻ ግድግዳ የሚመታ ነው የመሰለኝ። በዚያ ሰሞን መሬት ስትንቀጠቀጥ የነበረ ጊዜ አይደል? ጎረቤቶቻችን ሕፃን አቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ እኔም ልወጣ ስል፣ ለካ የእኔው ማሽን ነው። ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ በራሱ እግር ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።» ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ መልሳ ኮስተር አለች። «ሰው ሁሉ 'ማሽን ያው ነው፣ ይለምዳል' ሲለኝ መለስኩና ተጠቀምኩበት። አሁን ጭራሽ አልነሳ ብሏል። እጄስ ይሁን፤ ግን እማዬ እርጥብ ላይ ስትተኛ ጀርባዋ መቁሰል ጀምሯል።»

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚራመድ ማሽን! ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ።

«የገጠመልሽ ማነው?»

«እናንተ ናችኋ። ስንገባ ደውዬ ታዲዮስ የሚባል ልካችሁልኝ ነበር።»

«አሁን ማሽኑን የነካው ሰው አለ?»

«ኧረ የለም። ከጎሮ አንድ ጠጋኝ ከሰዓት መጥቶ ሊፈታው ነው።»

ክው አልኩ። ሰይድ ነው የታየኝ፤ የሰይድ ፍሪዘር ከነመሮው። ለጠጋኙ እንድትደውልለት አደረግኩ፤ ስልኩ አይነሳም። በቀጥታ ወደ ዳንኤል ገባሁ። ዳንኤል አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ነው፤ ልጄ የሚሆን፣ ቅን ሰው፣ ነገር ግን ፖሊሲ የሚለውን ቃል እንደ ጸሎት የሚደግም።

«እትዬ ሰናይት፣ ፖሊሲው ክሊር ነው» አለኝ። «ዋስትና ከሽያጭ ቀን ነው የሚቆጠረው። ይቺን በር ከከፈትን የሚመጣው ሰልፍ ኢምፔሪያልን ነው የሚዘጋው።»

«ስለ ዋስትና ማን አወራ? እኔ የማወራህ ስለ ሥራችን ነው። መግጠሙ ከዋጋው ጋር የተሸጠ ነው፤ የገጠምነው እኛ ነን። ብሎኖቹን ሳናወጣ ከሄድን ማሽኑን የሰበርነው እኛ ነን።»

«ማስረጃ አለ?»

«ቡልቡላ አራተኛ ፎቅ ላይ አለ። ጠጋኝ ሳይቀድመን ከደረስን።»

የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ይህንን ውለታ አልረሳለትም፤ ጉልበቴም አይረሳለትም።

ቀለበት መንገዱ እንደ ልማዱ ቆሟል። መኪናው ውስጥ ሆኜ ለታዲዮስ ደወልኩለትና ድምፁን ለሁላችን አሰማሁት። ታዲዮስ የሰለጠነ ባለሙያ ነው፤ አይዋሽም። ስለ ቡልቡላው ማሽን ስጠይቀው፣ «እትዬ፣ ላስቲኩን አትንካብኝ አለችኝኮ» አለ። «የንስሐ አባታቸው መጥተው ቤቱን ጸበል እስኪረጩት ድረስ ዕቃው ከነላስቲኩ ይቆይልኝ አለች። ብሎኖቹ ከላስቲኩ ሥር ናቸው። የውኃውን ጎማ በጎን አስገብቼ ገጠምኩላት። ልሞክረው ብል በዚያን ቀን ውኃ የለም፤ ተራቸው አልደረሰም። ተመልሼ እፈታዋለሁ ብዬ... በቃ ረሳሁት።»

ከኋላ ወንበር ጽጌ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «እና እኔ ራሴ ነኝ ያበላሸሁት?»

ዳንኤል በመስታወቱ አየኝ። «ያው፤ ደንበኛዋ ከልክላ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

አዲስ ዕቃን ከነላስቲኩ ማኖር እኛ አገር ያልተደረገበት ቤት የለም። ሶፋው ላስቲክ እንደለበሰ ሰው ይዳርበታል፤ የቴሌቪዥን ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁጥሮቹ ይጠፋሉ። የእኔም ቤት ያው ነው። ታዲያ ይህን የማያውቅ ቴክኒሻን ከሌላ አገር የመጣ ነው።

«ዳንኤል» አልኩት፣ «ታማሚ ልብሴን አላወልቅም ቢል ሐኪሙ ሳያየው 'ድነሃል፣ ሂድ' ይለዋል? አውልቅ ይለዋል፤ እምቢ ካለ ደግሞ አላየሁህም ይለዋል። እኛ 'ተገጥሟል' ብለን ነው የወጣነው።»

ዳንኤል ከቀለበት መንገዱ ወጥተን ወደ ቡልቡላ እስክንታጠፍ መሪውን በጣቱ መታ መታ ሲያደርግ ነበር። እኔ በልቤ ስንት ዓይነት ጠጋኝ፣ ስንት ዓይነት መሮ እንዳየሁ አትጠይቁኝ።

አራተኛ ፎቅ ስንደርስ በሩ ክፍት ነው። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ የመፍቻ ሣጥን ተከፍቷል፤ ካቻቢቴው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ጠጋኙ ግን፣ ጎረቤት ከፍታለት፣ እናትየው አልጋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ፈታኸው?» አልኩት ሰላም ሳልለው።

«ኧረ መብራት ጠፍቷል፣ እናቴ! መታጠቢያ ቤቱ መስኮት የለው፤ በምኔ ልየው? እስኪመጣ ብዬ ነው።»

በሕይወቴ መብራት ስለጠፋ ፈጣሪን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳላስበው ግድግዳው ላይ ተደግፌ ሳቅኩ። ዳንኤልም ሳቀ። ጠጋኙ ጉዳዩን ሲሰማ ብርጭቆውን አስቀምጦ «እኔ ብነካው ኖሮ በእኔ ነበራ የሚላከከው! ያተረፈኝ መብራቱ ነው በሉኝ» አለ።

እናትየው እማማ ለምለም ይባላሉ። አልጋቸው ላይ ሆነው «ማን ማን ናችሁ?» ሲሉ ተጠጋሁና እጄን ሰጠኋቸው። እጄን ይዘው አገላብጠው ዳሰሱት። «አንቺ ብረት ስትነኪ የኖርሽ ነሽ» አሉኝ። «ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ሰው የማውቀው በእጁ ነው። የእኔ ልጅ እጅ ደግሞ ሞረድ ነው። ፊቴን ስታጥበኝ ጉንጬን ትልገዋለች፤ እንዳታዝን ብዬ ዝም እላታለሁ።» ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

የማሽኑ በርና ቁልፎች ካሉበት በስተቀር ሌላው አካሉ እንደታሸገ ነው። የስልኬን መብራት አበራሁና ዳንኤልን ጠራሁት። «እጅህን በላስቲኩ ሥር አግባ። ወደ ላይ። እጅህ ምን አገኘ?»

«ብሎን» አለ። «ኧረ ሌላም አለ።» እጁን እያዛወረ አራቱንም ዳበሳቸው። ጽጌ ደግሞ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ካርቶኑን፣ ስፖንጁን፣ ማሰሪያውን ሁሉ አወረደች፤ አንዲት ነገር አልጣለችም። የቀዳዳዎቹ መዝጊያ የላስቲክ ክዳኖችም ባልተከፈተ ከረጢታቸው ውስጥ ናቸው።

ዳንኤል ከተንበረከከበት ሳይነሳ ቆየ። ከዚያ ለጽጌ፣ «የአንቺ ጥፋት አይደለም። ላስቲኩ ይነሳ ማለት የነበረብን እኛ ነን» አላት። «ዋስትናሽ አልፏል፤ እሱን አልክድም። ይሄ ግን የዋስትና ጉዳይ አይደለም። የሰበርነውን እንጠግናለን።»

ጽጌ የሰማችውን ያመነች አልመሰለችም። «በነፃ?» አለች።

«ያለ ምንም» አለ ዳንኤል።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም ዓይኔ እንባ ያቀረረው ደረጃ ስለወጣሁ ነው እላለሁ፤ ማንም አያምነኝም።

በማግስቱ ታዲዮስ መለዋወጫ ይዞ መጣ። ከበሮውን የሚይዙት አሞርዛተሮች ተበጥሰዋል፣ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ደቋል። ሥራውን ሊጀምር ላስቲኩን ሲይዝ ጽጌ «ጸበሉስ?» ብላ አመነታች። እማማ ለምለም ከአልጋቸው ሆነው፣ «የኔ ልጅ፣ ጸበል ላስቲክ ላይ ተረጭቶ ለማን ሊሆን? ይላጥ!» አሉ። ታዲዮስ ላጠው። እኔ በጋሽ ሁሴን ኮፍያ ብሎኖቹን ተቀበልኩና ለጽጌ በእጇ ሰጠኋት፤ ቤት ስትቀይር ያስፈልጓታል።

ዳንኤል ከዚያ ወዲያ ሁለት ነገር ደነገገ። ዋስትና የሚቆጠረው ዕቃው ተገጥሞ በውኃና በመብራት ከተሞከረበት ቀን ነው፤ ልብስ ማጠቢያ የገጠመ ሰው ደግሞ ብሎኖቹን ለባለቤቱ ሳያስረክብ ደረጃ አይወርድም። የፈራው ሰልፍ አልመጣም። እኔም ጥቂት ቆይቼ በሰላም ተሰናበትኩ። ጠረጴዛዬ ላይ በተቀመጥኩባቸው የመጨረሻ ወራት ያንን የሰለቸኝን ቃል ከመናገሬ በፊት «መጀመሪያ ምን ሰማህ?» እል ነበር። መልሱ ብዙ ጊዜ አልተለወጠም፤ ዕቃ አርጅቶም ይሞታል። ሰው ግን ተሰምቶ ሲሄድና ሳይሰማ ሲሄድ አካሄዱ ይለያል።

በቅርቡ የጽጌ ንስሐ አባት ተመችቷቸው ቤቱ ጸበል ሲረጭ እኔም ተጠራሁ። ሰዉ ከሄደ በኋላ እማማ ለምለም አጠገባቸው አስቀመጡኝና አንድ ነገር ላጫውትሽ አሉኝ።

«ባለፈው ጠዋት አንዲት ሴት ፊቴን ታጥበኛለች። እጇ ለስላሳ ነው። ጎረቤት ናት ብዬ 'ተባረኪ፣ ግን ጽጌስ? ልጄ አመማት እንዴ? ጥሪልኝ' እላታለሁ። ዝም። ደግሜ 'ጽጌን ጥሪልኝ' ብላት፣ 'እማ፣ እኔ ነኝ' አትለኝም?»

ጽጌ ሻይ ይዛ መጣች። እናትየው ኮቴዋን ተከትለው እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷም እጇን ሰጠቻቸው። መዳፏን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ተሰነጣጥቆ የነበረበትን ቦታ ፈልገው አጡት። ከዚያ እጇን ስመው ጉንጫቸው ላይ አሳረፉት። ጽጌ እጇን ሳታነሳ በሌላኛው ሻዩን አቀበለችኝ።

ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል ማሽኑ አንሶላ እያሽከረከረ ነበር። ያስተዋልኩት ስወጣ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጆሮዬ ወደ እሱ አልሄደም።